ዕቃው ተሻግሮ ባለቤቱ እንዳይቀር፤ ወደ ጅቡቲ ለሚጓዙ ነጋዴዎች ስለሚያስፈልጉ ወረቀቶች

ለድሬዳዋ ነጋዴ ጅቡቲ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀርበዋለች። በአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ሲለካ ከድሬዳዋ ለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ እስከ አዲስ አበባ ያለው ግን ከ470 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ በከዚራና በመጋላ ሱቆች ውስጥ ስለ ጅቡቲ ሲነገር፥ ስለ ጎረቤት ሰፈር እንደሚነገር እንጂ ስለ ውጭ አገር እንደሚነገር ሆኖ አይሰማም። «ነገ ወርጄ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ» የሚለው ቃል ከብዙ ነጋዴ አፍ ይወጣል። የመንገዱ ቅርበት፥ የዝምድናው መተሳሰር፥ የቋንቋውም መመሳሰል ይህን አነጋገር ለማዳ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ጅቡቲ ከሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፥ የራሷ ገንዘብና የራሷ ሕግ ያላት ነጻ መንግሥት ናት። የመሬቷ ስፋት 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ የሕዝቧም ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። አገሪቱ በስፋቷ ትንሽ ብትሆንም የድንበሯ ሕግ ከታላላቆቹ መንግሥታት ሕግ አያንስም። ይህን የዘነጋ ነጋዴ ኪሳራው ምን ያህል እንደሚሆን ቀጥሎ ካለው ታሪክ መረዳት ይቻላል።

አንድ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ አንድ ኮንቴይነር ዕቃ አስጭኖ ዕቃው በደኅና ዶራሌ ወደብ ደረሰ። የባንክ ፈቃዱ፥ የዕቃ ዝርዝሩ፥ የኢንሹራንስ ወረቀቱ ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ስለ ተገኘ፥ የመርከብ ወኪሉ ባለቤቱ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠየቀ። ነጋዴው በዚያው ሌሊት ተነሥቶ ደወሌ ደረሰ። በደወሌም የኬላው ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ ካየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ይህ ፓስፖርት ሊያበቃ የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው። ዕቃዎን የሚያግደው የለም፤ እርስዎን የሚያሳልፍ ወረቀት ግን አልያዙም» አለው።

ነጋዴው ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ ፓስፖርቱን ለማሳደስ ሲያመለክት የእኅቱን ልጅ በውክልና ላከ። ውክልናው በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ስለ ነበረ በጅቡቲ የሚያነብበው አልተገኘም። ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በሚገባው መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ ሲመጣ ደግሞ ወጣቱ ጅቡቲ የገባው ሐሙስ ማታ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤቶቹ ዝግ ነበሩ። በዚህ ሁሉ መካከል የመጋዘኑ ኪራይና የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ በየቀኑ ይቈጠር ነበር። ዕቃው በመጨረሻ ሲወጣ፥ ይገኝበታል ተብሎ የታሰበው ትርፍ በኪራይ ተበልቶ አልቆ ነበር። በዚህ ጉዳይ ነጋዴውን የበደለው ማንም አልነበረም። የኬላው ሠራተኛም፥ የመርከብ ወኪሉም፥ የወደቡም ሹማምንት የታዘዙትን ፈጸሙ እንጂ ከሕግ አልወጡም። ጥፋቱ ለዕቃው ፋይል ያደረገውን ጥንቃቄ ለራሱ ፋይል አለማድረጉ ብቻ ነበር።

የድንበሩ ታሪክ በአጭሩ

ይህ ድንበር ከድሬዳዋ ከተማ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል። በ1889 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በፈረንሳይ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት የወሰኑ ጉዳይ ተወሰነ። ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በ1886 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሰጥተውት ነበር። ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ከተማችን ካለችበት ሜዳ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በባቡሩ ምክንያት ተቈረቈረች። አዲስ አበባ የገባው ግን ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ ከዋና ከተማው ጋር በሐዲድ ከመገናኘቷ አስቀድሞ አሥራ አራት ዓመት ያህል ከባሕሩ ጋር ተገናኝታ ኖራለች ማለት ነው። የከተማው ነጋዴ ፊቱን ወደ ጅቡቲ የማዞር ልማዱ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተፈረመው ስምምነት የምድር ባቡሩ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የኢትዮጵያም ዕቃ በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍበት ሁኔታ ተደነገገ። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻነቷን ስታገኝ በዚያው ወራት በሶማሊያ ጦርነት የሐዲዱ ድልድዮች ተሰብረው ባቡሩ ቆመ። በዚያን ጊዜ የከተማው ነጋዴ የመንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ በሚገባ ተማረ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአሰብ በኩል ይመላለስ የነበረው ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ እጅግ የሚበዛው በዚህች አንዲት ትንሽ አገር በኩል የሚያልፍ ሆነ።

750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ አገልግሎቱን ይሰጣል። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደውም የአስፋልት መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በመከፈቱ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ሰውና ዕቃ ተጨማሪ ምክንያት አግኝቷል። መንገዱ እንዲህ እየተሻሻለ ሲሄድ ለነጋዴው የቀረው መሰናክል የወረቀት ብቻ ሆኗል፤ ይህንንም መሰናክል ማንሣት በራሱ እጅ ነው።

ስለ ፓስፖርት

ፓስፖርት ዛሬ በያዘው መልክ የቆየ ነገር አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1913 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በፓሪስ በጠራው ጉባኤ ላይ አገሮች ፓስፖርታቸውን በአንድ ዓይነት ደብተር መልክ እንዲያዘጋጁ ተመከረ። የዚያም ጉባኤ ዋና አሳብ የባቡር መንገደኞች በየድንበሩ እንዳይጉላሉ ማድረግ ነበር። በኋላም የሲቪል አቪዬሽን ዓለም አቀፍ ድርጅት በማሽን ሊነበብ የማይችል ፓስፖርት ከኅዳር 2008 ዓ.ም. በኋላ ከአገልግሎት እንዲወጣ ወሰነ። ስለዚህ በኬላ የሚቆመው ሠራተኛ ከመንገደኛው ፊት ይልቅ በመጀመሪያ የሚመለከተው በመሣሪያው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ነው፤ መሣሪያውም ዝምድናንና ትውውቅን አያውቅም።

በአገራችን የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ከኢትዮጵያ የሚወጣ ዜጋ የጸና የጉዞ ሰነድ እንዲይዝ፥ የሚሄድበት አገር ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነም ቪዛውን፥ አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የጤና ማስረጃውን እንዲያቀርብ ያዝዛል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ ፓስፖርቱ «አላለፈበትም» ማለት ብቻ የማይበቃ መሆኑ ነው። ጅቡቲ የመንገደኛው ፓስፖርት ቢያንስ ለስድስት ወር የሚጸና እንዲሆን ትጠይቃለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ሳይሆን፥ ከዚያ ቀን ስድስት ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ የሚያገኘውን ቀን እንደ መጨረሻ ቀን አድርጎ በቀን መቍጠሪያው ላይ ይጽፋል። ለማሳደስ የሚወስደውንም ጊዜ በዚሁ ላይ መጨመር ይገባል።

ቪዛን ስለ መጠየቅ

ቪዛ ማለት ተቀባዩ መንግሥት እንግዳው ከደጁ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ ነው። ጅቡቲ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ቪዛን በኢንተርኔት መጠየቅ የሚቻልበትን ሥርዐት አቋቁማለች። በዚህ ሥርዐት የሚጠየቀው ቪዛ ሁለት ዓይነት ሲሆን፥ አንደኛው በአገሪቱ አልፎ ለሚሄድ መንገደኛ እስከ 14 ቀን የሚያገለግለው የመተላለፊያ ቪዛ ነው፤ ሁለተኛው ለጉብኝትና ለጉዳይ ለሚቆይ ሰው የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። አመልካቹ የፓስፖርቱን ገጽ ግልባጭ፥ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያስረዳ ወረቀት ወይም የሚጠራውን ድርጅት ደብዳቤ፥ እንዲሁም የመመለሻ ጉዞውን የሚያሳይ ማስረጃ ያዘጋጃል።

የድሬዳዋ ነጋዴ ከሌሎች ከተሞች ነጋዴዎች የሚለይበት አንድ ዕድል አለው። የጅቡቲ ቆንስላ በከተማው ውስጥ ይገኛል። የአገባቡ ደንብ እንደ ፓስፖርቱ ዓይነትና እንደ ጉዞው ምክንያት የሚለያይ በመሆኑ፥ «ባለፈው ዓመት እንዲህ አድርጌ ገብቻለሁ» በማለት በትዝታ ከመጓዝ፥ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ቆንስላውን መጠየቅ ይበጃል። ይህን ለማድረግ የሚጠፋው ግማሽ ቀን ነው፤ ባለማድረግ የሚጠፋው ግን ከላይ እንደ ተነገረው የአንድ ኮንቴይነር ትርፍ ሊሆን ይችላል።

የመተላለፊያ ወይም የአጭር ጊዜ ቪዛ ይዞ የገባ ሰው ዕቃውን ሊከታተል፥ ከደንበኛው ጋር ሊዋዋል፥ ወደቡን ሊጐበኝ ይችላል። ሱቅ ከፍቶ መሸጥ ወይም ተቀጥሮ መሥራት ግን ሌላ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው። በዚያ ቅርንጫፍ ለማቋቋም ያሰበ ነጋዴ በመንገደኛ ቪዛ ሥራ ጀምሮ በኋላ ፈቃድ አወጣለሁ ቢል፥ ራሱንም ዕቃውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ስም አጻጻፍና ስለ ዘመን አቈጣጠር

ብዙ ጉዳይ የሚሰናከለው በታላቅ ምክንያት ሳይሆን በአንድ ፊደል ነው። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው እንጂ የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለንም። የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ አሕመድ፥ መሐመድ፥ ዮሴፍ፥ ገብረ ሥላሴ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሦስትና አራት ዓይነት ይሆናሉ። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል መከተል። የንግድ ፈቃዱ፥ የባንክ ወረቀቱ፥ የግዢ ትእዛዙና የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ስም ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር እንዲስማማ ለሻጩ ድርጅት አስቀድሞ መጻፍ ይገባል። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ስም ማስተካከል ገንዘብም ጊዜም ያስወጣል።

የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው። የመታወቂያ ወረቀታችንና የንግድ ደብዳቤያችን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲጻፍ፥ ፓስፖርቱና የቪዛው ቅጽ በአውሮፓ አቈጣጠር ይጻፋል። በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ዘመን ብቻ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ለጅቡቲ መሥሪያ ቤት ቢቀርብ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ሁለቱንም ቀን ቢይዝ መልካም ነው።

ሰዓትም ያሳስታል። ድሬዳዋና ጅቡቲ ሰዓታቸው አንድ ሲሆን አጠራራቸው ግን የተለያየ ነው። እኛ ከጧቱ ሁለት ሰዓት የምንለውን በጅቡቲ ስምንት ሰዓት ይሉታል። በፈረንሳይኛ «ስምንት ሰዓት» ተብሎ የተቀጠረ ነጋዴ ከቀትር በኋላ ቢደርስ፥ ቢሮው ተዘግቶ፥ ሰውየውም ከፀሓዩ ሸሽቶ ቤቱ ገብቶ ያገኘዋል።

ስለ ጤና ማስረጃ

ብዙ መንገደኛ የሚረሳው ወረቀት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ በሽታ ሊተላለፍባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች መካከል ስለ ሆነች፥ ጅቡቲ ከእኛ አገር ከሚገቡ መንገደኞች ይህን ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ መጽናት የሚጀምረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ ተከትቦ መነሣት ዋጋ የለውም። በአንጻሩ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ቀድሞ ካርዱ በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረ ሲሆን፥ በዓለም የጤና ድርጅት ውሳኔ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል። አንድ ጊዜ ተከትቦ ካርዱን በደኅና ያስቀመጠ ሰው ከዚህ በኋላ በዚህ ረገድ የሚያሳስበው አይኖርም።

ስለ ሥራ ቀኖችና ስለ ገንዘብ

የጅቡቲ መሥሪያ ቤቶች የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ግን ይሠራሉ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ እሑድ ያርፋሉ፤ ቅዳሜም የሚሠሩት ቢሠሩ እስከ ቀትር ነው። በዚህ ስሌት በሁለቱም አገሮች ባንክና መሥሪያ ቤት በአንድነት ሙሉ ቀን የሚከፈትባቸው ቀኖች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት አራት ቀኖች ብቻ ናቸው። ከድሬዳዋ የባንክ ማረጋገጫ፥ ከጅቡቲም የወደብ ፊርማ የሚያስፈልገው ጉዳይ ያለው ነጋዴ ቅዳሜ ተነሥቶ እሑድ ጧት በጅቡቲ ቢገኝ፥ የጅቡቲውን ክፍል በእሑድ አዘጋጅቶ ሰኞ ከድሬዳዋ ጋር ሊጨርስ ይችላል። ሐሙስ የሚነሣ ግን ሁለት ቀን በሆቴል ተቀምጦ ገንዘቡን ይጨርሳል። የሁለቱንም አገሮች በዓላት በአንድ ቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግም እንዲሁ ይጠቅማል።

የጅቡቲ ፍራንክ በ1941 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ተያይዞ የሚኖር ገንዘብ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ሆኖ ጸንቷል። በዚህ ምክንያት የመጋዘን ኪራይና የሆቴል ወጪ በዶላር ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ብርን ወይም የውጭ አገር ገንዘብን ይዞ ስለ መውጣት ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣው መመሪያ ልክ ያደርግበታል፤ ልኩም በየጊዜው ይሻሻላል። ከተፈቀደው በላይ የያዘ ሰው ገንዘቡን በኬላ ሊያጣ ስለሚችል፥ ከመነሣቱ በፊት ከባንኩ ጠይቆ፥ የሚፈቀደውንም በሕጋዊ ደረሰኝ ይዞ መሄድ ይገባዋል።

በራስ መሄድ ያስፈልጋልን?

ቪዛ ከመጠየቅ በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም ጉዞው ራሱ አስፈላጊ ነውን የሚለው ነው። ዕቃው በመልቲሞዳል ሥርዐት የመጣ እንደ ሆነ አጓጓዡ ከመነሻው ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ ኀላፊነቱን ይወስዳል፤ አስመጪውም ጅቡቲ ሳይወርድ ዕቃውን በአገሩ ይረከባል። በዩኒሞዳል የመጣ ከሆነ ግን በጅቡቲ ያለውን ሥራ የሚያስፈጽመው ባለቤቱ ወይም የእርሱ ትራንዚተር ነው። ስለዚህ የግዢ ውል ሲፈረም የመጓጓዣውን ዓይነት መምረጥ የጉዞ ወረቀትንም ጉዳይ አብሮ መወሰን ነው።

በወኪል ለመሥራት የመረጠ ነጋዴ ውክልናውን አስቀድሞ ያዘጋጅ። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ስለ ሆኑ ውክልናው ወደ ፈረንሳይኛ ቢተረጐም፥ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ቢመዘገብ፥ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በቆንስላው ቢረጋገጥ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቀባይነት ያገኛል። ይህ ሁሉ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ቀድሞ በድሬዳዋ በምድር ባቡሩ ምክንያት ፈረንሳይኛ የማያውቅ ጸሓፊ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ዕውቀት እየቀነሰ ስለ ሄደ፥ በነጋዴ ቤቶች ውስጥ ቢያንስ አንድ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሠራተኛ መኖሩ ትርፍ እንጂ ወጪ አይደለም።

ከባለቤቱ ሌላ የሹፌሩም ነገር አይረሳ። የጭነት መኪና ያላቸው ላኪዎች የመኪናውን ሰነድ አሟልተው የሹፌሩንና የረዳቱን የጉዞ ወረቀት ሳያዩ ያስነሣሉ። አትክልት፥ ፍራፍሬ ወይም ጫት የጫነ መኪና በሹፌሩ ወረቀት ምክንያት በኬላ ቢቆም፥ ፀሓዩ ለማንም አይራራም። የቡና ከረጢት አንድ ቀን ቢዘገይ ቡና ነው፤ ቲማቲም አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ቲማቲም አይደለም።

ፓስፖርቱ በጅቡቲ ቢጠፋበት መንገደኛው በመጀመሪያ ለፖሊስ አስመዝግቦ፥ ቀጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ መሄድ አለበት። ኤምባሲው ዜግነቱን ካረጋገጠ በኋላ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ሌሴ ፓሴ ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ለመመለሻ ብቻ የሚያገለግል ነው። የፓስፖርቱን ግልባጭ በቤቱ ወይም በጸሓፊው እጅ ትቶ የሄደ ሰው በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ይቀልለታል።

ትንንሽ አገሮችና ድንበር

ወረቀት ለዘላለም የማይቀር ዕዳ አለመሆኑን ደግሞ ሌላዋ ትንሽ አገር ታስረዳለች። ሉክሰምበርግ ከጅቡቲ ዘጠኝ ጊዜ ያህል የምታንስ አገር ናት። በሰኔ ወር 1977 ዓ.ም. ሼንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር አጠገብ አምስት መንግሥታት የጋራ ድንበሮቻቸውን ቀስ በቀስ ለማንሣት ተስማሙ። ዛሬ የዚያች መንደር ስም በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቪዛ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ የዚያም አገር ነጋዴ በአንድ ቀን ሦስት አገር ዞሮ ሲመለስ በየድንበሩ ፓስፖርቱን የሚያሳየው የለም።

በእኛም አካባቢ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጅቡቲ የሆነው ኢጋድ ስለ ሰዎች ነጻ ዝውውር ያዘጋጀውን ፕሮቶኮል የአባል አገሮች ሚኒስትሮች በየካቲት 2012 ዓ.ም. በካርቱም ተቀብለውታል። ነገር ግን በጉባኤ የተቀበሉት ስምምነት በኬላ ላይ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሼንገን ከተፈረመ በኋላ ድንበሮቹ በእርግጥ እስኪነሡ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ወስዷል። እስከዚያው ድረስ ነጋዴው በተስፋው ሳይሆን በያዘው ወረቀት ይጓዛል።

ሁለት ፋይል

ከላይ ታሪኩ የተነገረው አስመጪ ከዚያ ጉዳይ በኋላ በቢሮው አንድ ልማድ አቁሟል። ለእያንዳንዱ ጭነት ሁለት ፋይል ይከፈታል። በአንደኛው የዕቃው ወረቀት ይቀመጣል። በሁለተኛው የፓስፖርቱ ግልባጭ፥ የቆንስላው መልስ፥ የቢጫ ካርዱ ቍጥር፥ በፈረንሳይኛ የተተረጐመው ውክልና፥ የሹፌሩም የጉዞ ሰነድ ግልባጭ ይገኛል። በሁለተኛው ፋይል ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቀን ተጽፎበታል፤ ይኸውም ፓስፖርቱ ከሚያበቃበት ቀን ስድስት ወር የቀደመው ቀን ነው። ለሻጩ ድርጅት የግዢ ትእዛዝ የሚላከው ጸሓፊው ሁለቱንም ፋይሎች አይቶ ከፈረመ በኋላ ብቻ ነው።

በዚህ ልማድ የተጨመረበት ወጪ የአንድ ፋይል ዋጋ ነው። ባለፈው ጭነት ወቅት እንደ ገና ወደ ጅቡቲ መውረድ አስፈልጎት ነበር፤ እሑድ ጧት ደርሶ ማክሰኞ ማታ ከዕቃው ጋር ወደ ድሬዳዋ ተመልሷል።